ዝም ይነቅዛል፦ ለሙያ ጓደኞቼ ማስጠንቀቂያ

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፤ በአንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሙቀጫና ዘነዘና ይዘን ቅባት ያቦካን የአንድ ዘመን ባለመድኃኒቶች፤ ዛሬ የምንገናኘው በለቅሶ ቤትና በልጆቻችን ሠርግ ሆኗል። እዚያም ስለ ጉልበታችንና ስለ ጡረታችን እንጫወታለን እንጂ የሙያችንን ነገር አናነሳም። በድንኳን ሥር ልነግራችሁ ያልደፈርኩትን እዚህ ልጻፈው። የምጽፈው የፋርማሲ ክፍል ለምትመሩ፣ በአማካሪነት ለተቀመጣችሁ፣ በየኮሚቴው ድምፅ ላላችሁ፣ በስማችሁ መድኃኒት ቤት ለከፈታችሁ ነው። ወጣቶቹን አልወቅስም። እነሱ የተማሩትን ሊሠሩ መጥተዋል፤ በሩ ላይ የቆምነው እኛ ነን።

ነገሬ አጭር ነው። ፋርማሲስቱ ከመድኃኒት ማደያው መስኮት ወጥቶ ከሕመምተኛው አልጋ አጠገብ እንዲቆም፣ ከሐኪሙና ከነርሷ ጋር እንዲመክር የተሰጠን ዕድል ከእጃችን እየወጣ ነው። የሚያስወጣው ሌላ ማንም አይደለም፤ እኛው ነን። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ እኔ ግን ጭሱን ካየሁት ሰንብቻለሁ።

ከመምከሬ በፊት ኑዛዜ አለብኝ። ለአንድም ሰው ነግሬው አላውቅም።

በ1990ዎቹ አጋማሽ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የተመላላሽ ፋርማሲ እሠራ ነበር። የዚያን ጊዜ መስኮት ታስታውሱታላችሁ፤ ከላይ መስታወት፣ ከታች እጅ ብቻ የምታስገባ ቀዳዳ። ሕመምተኛው ለመናገር ጎንበስ ይላል፤ እኛም ለመስማት ጎንበስ ማለት ነበረብን። ሁለታችንም ስለሚያደክመን ሳንነጋገር እንለያያለን። ወረቀት ይገባል፣ ክኒን ይወጣል፤ «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ» እንላለን፤ «ቀጥል!» እንላለን።

በየወሩ ዋርፋሪን የምትወስድ አንዲት ሴት ነበረች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። በልጅነት የያዛቸው የጉሮሮ ሕመም ውሎ አድሮ የልብ ቫልቭ ካበላሸባቸው ብዙዎች አንዷ ነበረች። በዚያች ቀዳዳ በኩል ስለምንተያይ ከፊቷ ይልቅ እጇን ነበር የማውቀው፤ በአንጓዋ ላይ የመስቀል ንቅሳት ነበራት። አንድ ቀን ያ እጅ ሁለት ወረቀት ይዞ ገባ። አንደኛው የተለመደው ዋርፋሪን ነው። ሁለተኛው ከሌላ ክፍል፣ በሌላ ሐኪም እጅ የተጻፈ ኮትሪሞክሳዞል ነበር፤ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የታዘዘ።

እናንተ ይህን ስታነቡ ደንግጣችኋል። እኔም ያን ጊዜ ደንግጬ ነበር። ኮትሪሞክሳዞል ጉበት ዋርፋሪንን የሚሰባብርበትን መንገድ እንደሚያዘገይ፣ ደሙ ከሚፈለገው በላይ እንደሚቀጥን ተምረናል፤ ተፈትነንበታል። መፍትሔውም ከባድ አልነበረም፤ ፀረ ተሕዋስያኑን በሌላ መለወጥ፣ ካልሆነም የዋርፋሪኑን መጠን ቀንሶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ደሟን ማስመርመር። ነገር ግን ሰልፉ ከበሩ አልፎ ወጥቷል። ሐኪሙ ያለው ሁለተኛ ፎቅ ነው። ከዚያ ወር በፊት ስለ ሌላ መጠን ልጠይቅ ወጥቼ በሰው ፊት «የታዘዝከውን ስጥ» ተብያለሁ። እጄ ለአፍታ ቆመ። ከዚያ «ዝም አይነቅዝም» አልኩ ለራሴ፤ ሁለቱንም ቆጥሬ ሰጠኋት።

በዘጠነኛው ቀን አንድ ጎረምሳ ከድንገተኛ ክፍል ወረቀት ይዞ እየሮጠ መጣ። ቫይታሚን ኬ መርፌ ይላል። ከላይ የተጻፈው ስም የሷ ነበር። ወንድሟ ነው። መርፌውን ሰጠሁት፤ ሮጠ። ደሙ የፈሰሰው ጭንቅላቷ ውስጥ ስለነበር ሌሊቱን አላለፈችም።

ከሁሉ የከበደኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ማንም አልጠየቀኝም። ያዘዙት ሐኪሞች ተጠይቀው ይሆናል፤ ካርዷ ላይ ፊርማቸው አለ። የእኔ ስም ግን የትም አልነበረም። ያየሁት አልተጻፈም፤ የጠረጠርኩት አልተጻፈም፤ ዝምታዬም አልተጻፈም። መስኮቱ እኛን ከሕመምተኛው የሚለየን ግድግዳ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እኔን ከጥያቄ የሚጠብቀኝ ጋሻ መሆኑን ያን ቀን አወቅሁ። ዝም እንደሚነቅዝም ያን ቀን አወቅሁ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ውስጤ ነቅዟል።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

እኛ የተማርነው የመድኃኒቱን ነገር ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1961 ሲጀመር፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ትምህርቱ ኬሚስትሪ፣ ቅመማና የዕፅዋት ጥናት ይበዛበት ነበር። መድኃኒቱ ንጹሕ ነው? አልተበላሸም? መጠኑ ልክ ነው? ይህ ሁሉ ክቡር ሥራ ነው፤ አላናንቀውም። ክኒኑን የሚውጠው ሰው ግን በትምህርታችን ውስጥ እምብዛም አልነበረም።

በሩን መጀመሪያ የከፈተልን ኤችአይቪ ነው። በ1997 ዓ.ም የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር፣ ዕድሜ ልክ በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት በቀዳዳ አቀብሎ መሸኘት እንደማይቻል ሁሉም ገባው። በብዙ ሆስፒታሎች በር ያለው ክፍልና ሁለት ወንበር ተሰጠን። ፋርማሲስትና ሕመምተኛ ፊት ለፊት ተቀምጠው ማውራት ጀመሩ። «መድኃኒቱን የት ታስቀምጫለሽ? ባልሽ ያውቃል? ጠበል ስትሄጂ ይዘሽው ትሄጃለሽ ወይስ ታቋርጫለሽ?» ያን ወንበር ያያችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ሕመምተኛው ለሐኪሙ ያልነገረውን ለእኛ ይነግረን ነበር።

ቀጥሎ ትምህርቱ ራሱ ተለወጠ። ጅማን የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች ሕመምተኛውን ማዕከል ያደረገውን የአምስት ዓመት ትምህርት ጀመሩ፤ ተማሪው የመጨረሻውን ዓመት ዋርድ ውስጥ ራውንድ እየዞረ እንዲያሳልፍ ተደረገ። የሁለተኛ ዲግሪ ክሊኒካል ፋርማሲም ተከፈተ። በ2002 ዓ.ም የወጣው የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያ ለፋርማሲ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጠ፤ የመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴ እንዲኖርም አዘዘ። እኛ አርባ ዓመት ያላየነውን ልጆቹ በአንድ ትውልድ አዩት።

ታዲያ ምን አደረግንበት?

የመጀመሪያው በደላችን ልጆቹን ወደ መስኮቱ መመለሳችን ነው። በአንድ ሆስፒታል ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት ወጣት ክሊኒካል ፋርማሲስት ለውስጥ ደዌ ዋርድ ተመደበች። ጠዋት ራውንድ ላይ ከኢንተርኖቹ ኋላ ትቆማለች። በመጀመሪያው ሳምንት ስፔሻሊስቱ «አንቺ ከየት ነሽ?» አላት። በሦስተኛው ሳምንት «ፋርማሲ ምን ትላለች?» ይል ጀመር። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ እኔ በአርባ ዓመት አንድ ሐኪም ይህን ጥያቄ ሲጠይቀኝ አልሰማሁም። በአራተኛው ሳምንት ግን የፋርማሲ ኃላፊው ጠራት። ሁለት ልጆች ዓመት ፈቃድ ወጥተዋል፤ ዲስፔንሲንጉ ሰው የለውም። «ለጊዜው ነው» አላት። ለጊዜው የተባለው ሰኔ ደረሰ፤ የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ቆጠራ መጣ፤ ስቶር ወረደች። ቢን ካርድ ስታመሳክር፣ ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 ስታያይዝ ክረምቱ ገባ። በመስከረም ወደ ዋርዱ ስትመለስ ሬዚደንቶቹ ተቀይረዋል፤ «አንቺ ከየት ነሽ?» የሚለው ጥያቄ እንደገና ከሀ ተጀመረ።

ያ ኃላፊ ክፉ ሰው አይደለም። ጓደኛችን ነው፤ አብሮን የተማረ። መስኮቱ ላይ ሰው ሲጎድል ሰልፈኛው ይጮኻል፤ ሥራ አስኪያጁ ይደውላል። ዋርድ ላይ ሰው ሲጎድል ግን የሚጮህ የለም። ከልኩ በላይ መድኃኒት የሚሰጠው ሕመምተኛ ምን እንደጎደለበት ስለማያውቅ አይጮህም። ስለዚህ ኃላፊው ሁልጊዜ ጩኸት ወዳለበት ሰው ይልካል። እኛም ሁላችን እንዲሁ አድርገናል፤ ልባችን ስቶሩ ላይ ስለሆነ ይህ ይቀለናል። የጎደለ ካርቶን ያስጠይቀናል፤ ያልተሰጠ ምክር አያስጠይቀንም።

የሁለተኛውን በደል ከሁሉ አብልጬ እፈራዋለሁ፤ ምክራችንን አለመጻፋችን ነው። በዚያችው ልጅ ላይ የደረሰውን ስሙ። ኩላሊቱ እየደከመ ለነበረ አንድ አዛውንት ቫንኮማይሲን በየአሥራ ሁለት ሰዓቱ ታዞ ነበር። ልጅቷ የክሬቲኒኑን ውጤት አየች፤ አሰላች፤ «ጊዜው ይራራቅ» አለች። ስፔሻሊስቱ «ልክ ነሽ» አለ፤ ተቀየረ። በሁለተኛው ቀን የመድኃኒት መስጫው ቅጽ ሞልቶ በአዲስ ሲገለበጥ ተረኛው ኢንተርን ከፊተኛው ገጽ የድሮውን ትዕዛዝ ገለበጠ። ልጅቷ ያለችው በማንም ወረቀት ላይ አልነበረም፤ ካርዱ ውስጥ ለፋርማሲስት የተተወ ገጽ የለምና። የአዛውንቱ ኩላሊት ባሰበት። በኋላ እግዚአብሔር ይመስገን አገገመ። ነገሩ ሲጣራ ግን «ተናግሬ ነበር» አለች። «የት አለ?» ተባለች። መልስ አጣች። የምታለቅሰው በጥፋቷ አልነበረም፤ ልክ ሆና ሳለ እንዳልነበረች በመቆጠሯ ነው።

ወገኖቼ፤ እኔ ባልተናገርኩበትና እሷ በተናገረችበት መካከል ካርዱ ላይ ምንም ልዩነት አይታይም። ሁለታችንም እዚያ ወረቀት ላይ የለንም። ይህን አስተውሉልኝ።

እኛ መጻፍ አቅቶን አይደለም። ከደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተነሥቶ ወደ ሌሎች የተስፋፋውን የመድኃኒት ግብይት አሠራር፣ ኤፒቲኤስ የምንለውን አስቡት። ከዚያ በፊት አንድ ሆስፒታል ዓመቱን ሙሉ ምን ያህል መድኃኒት ገዝቶ ምን ያህል እንደሸጠ፣ ስንቱ ጊዜው እንዳለፈበት በውል የማይታወቅባቸው ዘመናት አልፈዋል። ዛሬ በዚያ አሠራር እያንዳንዷ ክኒን ከገባችበት እስከ ወጣችበት ትታያለች፤ ኦዲተር መጥቶ ይከተላታል። ለክኒኗ እንዲህ ያለ ሒሳብ ያበጀን ሰዎች ለምክራችን አንዲት ገጽ ማበጀት አቃተን። ክኒኗን ቆጥረን ለማን እንደጠቀመች ሳንቆጥር ቀረን።

ሌላው ዓለም የደረሰበትን የምናደንቅ ሰዎች እንዴት እንደደረሰ አንጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመውንና በቦስተን በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል የተሠራውን ጥናት ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። አንድ ፋርማሲስት በፅኑ ሕሙማን ክፍል የጠዋት ራውንድ ላይ ተገኘ። ከሰጣቸው አስተያየቶች ውስጥ 366ቱ የመድኃኒት ትዕዛዝን የሚመለከቱ ነበሩ፤ 362ቱን ሐኪሞቹ ተቀበሏቸው። ከትዕዛዝ ስሕተት የሚመጣውና መከላከል የሚቻለው ጉዳት በ66 በመቶ ቀነሰ። ይህን ቁጥር በየስብሰባው እንጠቅሰዋለን። አንድ ነገር ግን ሳንጠይቅ እናልፋለን፤ 366ቱን ማን ቆጠራቸው? ተጽፈው ነው የተቆጠሩት። ባይጻፉ ኖሮ ያ ፋርማሲስት ከኢንተርኖች ኋላ የቆመ አንድ ነጭ ጋዋን ሆኖ ይቀር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የታተመው የሎስ አንጀለስ ሥራም እንዲሁ ነው። ጥናቱ በ52 ፀጉር ቤቶች ተካሄደ፤ በከፊሎቹ ፋርማሲስቶች ተገኝተው የደም ግፊት ያለባቸውን ጥቁር አሜሪካውያን ወንዶች አከሙ። በስድስት ወር ውስጥ የላይኛው ግፊት በአማካይ በ27 ነጥብ ወረደ፤ ፀጉር አስተካካዩ አኗኗራቸውን እንዲያሻሽሉና ሐኪም ጋ እንዲሄዱ ብቻ በመከራቸው ዘንድ የወረደው 9 ነጥብ ያህል ነበር። ፋርማሲስቶቹ ይህን ያደረጉት እንዳሻቸው እያዘዙ አይደለም። ከሐኪሞች ጋር የጽሑፍ ስምምነት ነበራቸው፤ የትኛውን መድኃኒት፣ በምን መጠን፣ በየትኛው ምርመራ እየተከታተሉ እንደሚሰጡ ተወስኗል፤ የሠሩትንም ለሐኪሙ ያሳውቃሉ። ግፊቱን ያወረደው መድኃኒቱ ነው፤ መድኃኒቱ በልኩ እንዲደርስ ያደረገው ግን ስሙን ጽፎ የሚከታተል ሰው መኖሩ ነው።

እነዚህ ሰዎች መንገዱን የጀመሩት ትላንት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 በሳን ፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ፋርማሲስቶችን ዋርድ ውስጥ አስገቡ። እ.ኤ.አ. በ1990 ሄፕለርና ስትራንድ የተባሉ ሁለት ምሁራን ጽፈው ያሳተሙት ሐሳብ ደግሞ የመላውን ሙያ ቋንቋ ለወጠ፤ ፋርማሲስት መድኃኒቱ በሕመምተኛው ላይ ለሚያመጣው ውጤት ኃላፊ ነው አሉ። በብሪታንያ ፋርማሲስቶች እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ተጨማሪ ሥልጠና ወስደው ራሳቸውን ችለው ማዘዝ ተፈቀደላቸው። ከስልሳ ስድስቱ እስከዚህ አርባ ዓመት ነው። ፈቃዱ የመጣው በአርባ ዓመቱ ውስጥ ማስረጃ ከተጠራቀመ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ሦስተኛውን ነገር በአጭሩ ልበል። ከእኛ መካከል «እኛም እናዝዝ» የሚል ድምፅ እየበረታ ነው። ጥያቄው አይከፋም፤ ጊዜውም ሊመጣ ይችላል። የሰጠውን ምክር ያልጻፈ ሰው ግን ማዘዝ ቢፈቀድለት የሚያተርፈው ክስ ነው። ሐኪሙን በስብሰባ እየተናደድንበት፣ በዋርድ ደግሞ እየፈራነው መቀጠል አይገባንም። ሐኪሙ ጠላታችን አይደለም፤ በአንድ ሌሊት ስልሳ ሕመምተኛ የሚያይ የደከመ ሰው ነው። በጽሑፍ፣ በትሕትና፣ በማስረጃ የቀረበለትን ምክር እንደሚቀበል የቦስተኑ 362 ይመሰክራል። ነርሷንም አንርሳ፤ መርፌው ከሕመምተኛው ክንድ ከመድረሱ በፊት የመጨረሻዋ ዓይን እሷ ናት። እሷን ያላማከረ ክሊኒካል ፋርማሲ ጎዶሎ ነው።

አራተኛው መድኃኒት ቤት የከፈታችሁትን ይመለከታል፤ እኔም ከፍቼ ነበርና ከራሴ ልጀምር። «አማካሪ» የሚለውን ቃል በራፋችን ላይ ለጥፈናል። ምክር የሚሰጠውና ከሽያጩ የሚያተርፈው አንድ ሰው ሲሆን ግን ምክሩ በየቀኑ ይፈተናል። ጉንፋን ይዞት የመጣ ሰው ያለ ማዘዣ ፀረ ተሕዋስያን ሲጠይቅ «አያስፈልግህም፤ ውኃ ጠጣ፣ ዕረፍ» ብሎ ባዶ እጁን መሸኘት የኪራይ ቀን ሲደርስ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2019 መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ የሞቱት ሰዎች በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን እንደሚሆኑ ተገምቷል። በዚያ ቁጥር ውስጥ የእኛ መሳቢያም ድርሻ አለው። «የሕክምና ቡድኑ አካል ነን» እያልን ማታ ማታ በፍሬ አሞክሳሲሊን የምንሸጥ ከሆነ ቡድኑ አያምነንም፤ ሊያምነንም አይገባም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አባቶቻችን፤ ስለዚህ የእኛን በሽታ በስሙ ልጥራው። ፍርሃት ነው። ከአልጋው አጠገብ መቆም ስም ያስከትላል፤ ስም ደግሞ ጥያቄ ያስከትላል። መስኮቱ ይህን ሁሉ ያስቀርልናል። ስቶርን የምንወደው ቁጥሩ የማይከራከረን ስለሆነ ነው። ወጣቶቹን ወደ ታች የምንጠራቸውም ሰው ስለጠፋ ብቻ አይደለም፤ እነሱ ላይ ሲወጡ እኛ ያልወጣንበት ዘመን ስለሚታይብን ጭምር ነው። ይህን መጻፍ አሳፈረኝ። ግን እውነት ነው፤ በራሴ ልብ ውስጥ አግኝቼዋለሁ።

የምፈራው ቀን ይህ ነው። አንድ ቀን በጀት የሚቆጥር ሰው ይመጣል። «ይህ ክሊኒካል ፋርማሲ የምትሉት ምን አስገኘ?» ይላል። እኛ አቃፊዎቻችንን እንገለብጣለን። የክኒኑን ሒሳብ እናገኛለን፤ የልጆቹን ሥራ አናገኝም። የሥራ መደቡ ይታጠፋል። ዩኒቨርሲቲው ራውንድ የሚያዞርበት ዋርድ ያጣል፤ ትምህርቱ ወደ ወረቀት ይመለሳል። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል። ያን ጊዜ «ድሮም አይሆንም ብለን ነበር» እያልን የምንልስ እንዳንሆን እፈራለሁ።

ሽማግሌ ካስጠነቀቀ መንገድም ማሳየት አለበት።

ኃላፊ የሆናችሁ፤ ዋርድ የተመደበውን ልጅ አትንኩት። መስኮቱን ቴክኒሺያኖች በደንብ ይሠሩታል፤ ቆጠራውንም ቀኑን አስቀድማችሁ አከፋፍሉት። ልጆቻችሁ ሁለት ብቻ ከሆኑ ለስድስት ዋርድ አትበትኗቸው። በአንድ ዋርድ ዓመቱን ሙሉ ይቆዩ። ሐኪሙ ፊታቸውን ይልመድ፤ ነርሷ በስማቸው ትጥራቸው።

በኮሚቴ ያላችሁ፤ ለፋርማሲስት በካርዱ ውስጥ አንድ ገጽ ይከፈት በሉ። ብዙ አትጠይቁ። የታየው ችግር፣ የተሰጠው ምክር፣ ሐኪሙ ተቀበለው ወይስ አልተቀበለውም፣ የሕመምተኛው ሁኔታ ምን ሆነ፣ ስምና ፊርማ። በወሩ መጨረሻ ይደመርና ለመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴው ይቅረብ። የተሳሳተው ምክርም አብሮ ይቅረብ፤ የምንመሰገንበትን ብቻ ከጻፍን ያው ሌላ መስኮት ሠራን ማለት ነው።

ከሐኪሞች ጋር ወዳጅነት ያላችሁ፤ በአንዲት ጠባብ ነገር ጀምሩ። እኔ ብጠየቅ በዋርፋሪን እጀምራለሁ፤ ምክንያቴን ታውቃላችሁ። ዋርፋሪን የሚወስዱትን ሕመምተኞች በሳምንት አንድ ቀን ሐኪሙና ፋርማሲስቱ አብረው ይዩአቸው። የደም ምርመራ ውጤታቸው ይመዝገብ፤ ሌላ ምን እንደሚወስዱ ይጠየቁ፤ በጾም ወራት ጎመን ሲበዛ ምን እንደሚሆን ይነገራቸው። ያ ከጸና ወደ ስኳር ሕመምተኞች ይሻገር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾመው ኢንሱሊኑን መቼ ይወጋል? ረመዳን ሲገባስ? ማቀዝቀዣ የሌላት እናት ጠርሙሷን በእንስራ አጠገብ ታስቀምጣለች ወይስ በጓዳ ሙቀት ውስጥ? እነዚህን ጥያቄዎች በስድስት ደቂቃ ምርመራ ውስጥ የሚጠይቅ የለም። የእኛ ቦታ በትክክል እዚያ ነው።

ጡረታ የወጣን ደግሞ አንድ ነገር ይቀረናል። በሳምንት አንድ ጠዋት ሄደን ከአንዲት ወጣት ኋላ ራውንድ ላይ እንቁም። ላናስተምራት እንችላለን፤ ከእኛ በላይ ታውቃለች። ግን «የታዘዝሽውን ስጪ» ስትባል ከኋላዋ ሽበት ያለው ሰው ቆሞ ቢታይ ቃሏ ይበረታል። እኔ «የታዘዝከውን ስጥ» በተባልኩበት ቀን ሁለተኛ ፎቅ ስወጣ ከኋላዬ ማንም አልነበረም።

አንድ ነገር አስቀርቼባችኋለሁ፤ እሱን ተናግሬ ልጨርስ። ያ ጎረምሳ ቫይታሚን ኬውን ከእጄ ሲቀበል፣ ከመሮጡ በፊት፣ ለመናገር በቀዳዳዋ ልክ ጎንበስ አለ። ነጭ ጋዋን የለበሰን ሁሉ እንደሚጠሩት ጠራኝና «ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ። እኔ ጎንበስ አላልኩም። በመስታወቱ በኩል ራሴን ነቀነቅሁና ቀጣዩን ወረቀት ተቀበልኩ።